ከእግሩ ሥር ያለው ጥላ

ቸሬ እንዲህ አለ፦ «ባልደረባዬ እንየው ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻውን ነበር። እኔ ማልጄ ወደ አርብ ገበያ ወርጄ ነበር። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አስሮ፣ በታይመር ራሱን ሲያነሣ ወደ ኋላ ረግጦ ገደል ገባ።»

ዘመኑ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ከገደሉ ሥር ገብስ አጭድ ነበር። ቀና ብል አፋፉ ላይ ሁለት ሰው ቆሟል። ጎንበስ ብዬ አንድ ጭብጥ አጭጄ ደግሜ ቀና ስል አንድም የለም። ኋላ የመውደቁን ድምፅ ሰማሁ።»

አገሩ የቸሬን ቃል አመነ። ቸሬ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ንፋስ መውጫ ላይ አብረው ፎቶ ቤት ከፍተዋል። ዘመኑ ግን የደመኛ ዘር ነው፤ አጎቱ የእንየውን አባት ገድሎ በሽማግሌ የታረቁት ገና በቅርቡ ነው። የእንየው ታላቅ ወንድም አጥናፉ ይባስ ብሎ «ሁለት ሰው አየሁ የሚለው ሁለተኛው ራሱ ቢሆን ነው» አለ። አርባው እስኪወጣ ድረስ ብቻ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ለማንም አልደበቀም።

ኢንስፔክተር አልጣሽ ከደብረ ታቦር የደረሰችው በአርባው ዋዜማ ነበር። አጥናፉ በር ላይ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አያት።

«አንቺ ነሽ የተላክሽው? ወንድ ጠፋ?»

«ወንዱማ መጥቶ ‹ወድቆ ሞተ› ብሎ ጽፎ ሄዷል። የተሻለ ከጻፍኩ ትመርቀኛለህ። ያን ቀን አንተ የት ነበርክ?»

«እኔ? አውድማ በእበት ስለቀልቅ ነበር። ጎረቤቱን ጠይቂ!»

«ጠይቄያለሁ» አለችና አልፋው ገባች።

የሟቹ እናት ወይዘሮ ዓለምዬ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ለቅሶ የተዞረበት የእንየው ትልቅ ፎቶ ግድግዳውን ተደግፏል። ታችኛው ጫፉ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ምነው እማማ፣ እግሩን ሸፈኑት?»

«እግሩን አይደለም ልጄ፣ እግሩ ሥር ያለውን ነው። ጥቁር ነገር ተጋድሞበታል። ቀንድ አለው። ሲመሻሽ ጫማውን ይዞ ሲስበው አያለሁ። አባ ይስማው ጠበል ረጩበት፤ አልሄደም። ያ ነው ልጄን የጎተተው።»

አልጣሽ ጨርቁን ገለጠች። እንየው አለቱ ላይ ቆሟል፤ ከራሱ በላይ የወይራ ቅርንጫፍ ዘንበል ብሏል፤ እስከ ጫማው ሙሉ ነው። ከፎቶው ታችኛው ጠርዝ ግን አንድ ጥቁር ነገር ተነሥቶ እስከ ጫማው ጫፍ ደርሷል። ከላይ ክብ ነው፤ ከግራና ከቀኝ የሾለ ነገር ወጥቶለታል።

«ማን ሠራልዎት?»

«ቸሬ፣ እግዜር ይስጠው። ለሰልስቱ መጀመሪያ ከጉልበቱ የተቆረጠ አመጣልኝ። ‹እግር የሌለው ልጅ ይዤ ለቅሶ አልዞርም! በምኑ ሊሄድ ነው?› ብዬ ጮህኩበት። አለቀሰ። በነጋታው ይህን ይዞ መጣ።» አሮጊቷ ወደ ፎቶው አመለከቱ። «እስኪ እይው። ማንን ነው እንዲህ የሚስቅለት? ልጄ ብቻውን ቆሞ ለብረት አይስቅም።»

አልጣሽ በዚያው ቀን ንፋስ መውጫ ወጣች። ቸሬ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል። ግድግዳው ላይ አንድ ረጅም፣ ሰፊ ፎቶ ተሰቅሏል፦ አውድማ፣ በሬዎች፣ የሚበተን ገለባ።

«ይህስ?»

«የስማዳ አውድማ ነው። ባሕር ዳር ውድድር አሸንፎበታል። እንየው።» ስሙን ሲጠራ ድምፁ በጥርሱ መካከል የወጣ መሰለ።

«ለእማማ ያተምክላቸውን ፎቶ ከየት አገኘኸው?»

«ካሜራው ላይ ከተገኘችው፣ ከካሬዋ። ያን ቀን ሌላ አልተነሣም።»

«እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም። ካሬ ማለት ምንድን ነው?»

የሙያው ነገር ሲነሣ ቸሬ ትንሽ ነፍስ ዘራ። «ሙሉው ፎቶ ጎኑ ለጎኑ ሦስት ለሁለት ነው። አሥራ ስድስት ለዘጠኝ ካሏት ከላይና ከታች ቀንሳ እንደዚያ አውድማ ታስረዝመዋለች። ካሬ አንድ ለአንድ ነው። የቆመ ሰው ከሆነ ካሜራዋን በቁመቷ ያቆሟታል፤ በካሬ ካነሡት ግን አናቱ አካባቢና እግሩ ይቀራል።»

«የቀረውንስ ካሜራዋ ሌላ ቦታ አታስቀምጠውም?»

«እኛ እንዳስተካከልናት ከሆነ አታስቀምጥም።»

«ኋላ መመለስ አይቻልም?»

«ከየት ይመጣል?» ፈገግ አለ። «ከሰፊ ጠባብ ይቆረጣል እንጂ ከጠባብ ሰፊ አይቆረጥም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ለአርባው ትመጣለህ አይደል?»

«እንዴት እቀራለሁ?»

በማግስቱ አልጣሽ ፀሐይ ስትወጣ የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክማ አፋፉ ላይ ደረሰች። ነፋሱ ከገደሉ ውስጥ ሰው እንደሚጣራ እያደረገ ይወጣል። ማቆሚያውን ተከለች፣ አለቱን አየች፣ ወረደች።

ከቅዳሴ በኋላ ዳሱ ውስጥ እዝነኛው በልቶ ሲበተን፣ ጥቂቶቹን አስቀረቻቸው። ወይዘሮ ዓለምዬ ከፎቶው አጠገብ ናቸው። አጥናፉ ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል ይዟል። ዘመኑ አባ ይስማውን ተገን አድርጎ ቆሟል። ቸሬ በሩ ጋ ነው።

አልጣሽ ከቦርሳዋ አንድ ትንሽ ፎቶ አወጣች። «ካሜራው ላይ የተገኘችው ካሬ ይህች ናት። አጥናፉ፣ እግሩ ይታይሃል?»

«ከጉልበቱ በታች የለም።»

«የወይራውስ ቅርንጫፍ?»

«የለም።»

«እዚያ ትልቁ ላይስ?»

አጥናፉ ዞሮ አየ። «ሁለቱም አለ።»

«ቸሬ ትልቁን ከዚህች አወጣሁት ብሎኛል። ከጠባብ ሰፊ እንደማይቆረጥ ያስተማረኝም እሱ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ሌላ ፎቶ ተነሥቷል፤ ከካሜራው ተደምስሶ ቸሬ እጅ የቀረ። ‹ማልጄ ወረድኩ› ካለ፣ ማን ሰጠው?»

ሁሉም ወደ ቸሬ ዞሩ።

«ታይመር ነው ያነሣው ቢባል፣ ዛሬ ማለዳ ማቆሚያውን እዚያው ተክዬው ነበር። ጥላው ሦስት ቀጫጭን እግር ነው።» ጨርቁን ገለጠች። «እማማ፣ ይህ ጋኔን አይደለም። ክቡ የሰው ራስ ነው። ቀንድ የመሰልዎት ክንድ ነው፤ ካሜራ ዓይኑ ላይ ያደረገ ሰው ክርኑ እንዲህ ይወጣል። እንየው የሚስቀው ለዚህ ሰው ነበር። ዘመኑም ያየው ሁለተኛ ሰው ይኸው ነው።»

ዘመኑ «እኔማ ብያችሁ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ቸሬ የዳሱን ምሰሶ ያዘ። «አውድማው የእኔ ፎቶ ነው» አለ። «ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሱ ከላይ ከታች ቆርጦ በስሙ ላከው። እዚያ አፋፍ ላይ ብጠይቀው ሳቀ። ‹የቆረጠ ነው ባለቤቱ› አለኝ። ደረቱን ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሙሉውን ፎቶ ወደ ስልኬ ወስጄ ከካሜራው ደመሰስኩት፤ ካሬዋን ብቻ ትቼ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስሬ ወረድኩ።»

«ጥላህን አላየኸውም?» አለች አልጣሽ።

«አየሁት እንጂ! ከጫማው ጋር ተጣብቋል። ጥላውን ብቆርጥ እግሩን መቁረጤ ነበር። እሳቸው ደግሞ እግሩን ለመኑኝ።»

አጥናፉ ተነሣ። ጠመንጃው አብሮት ተነሣ። አልጣሽ ከቸሬ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ አንድ ቃል ብቻ በይኝ» አለ አጥናፉ።

ወይዘሮ ዓለምዬ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን ጥቁሩ ላይ አሳረፉ፤ እስከዚያ ቀን ነክተውት አያውቁም።

«ነገ ዘመኑን ገድለህ ብትመጣ ኖሮ እልል እልልህ ነበር» አሉ። «እንዲህ የሚሳሳት እጅ ደም አይመልስም። ቸሬን ሕግ ይውሰደው። ጠመንጃውን ለአባ ይስማው አስረክብና ልጄን ስቀልልኝ። ጨርቁን አንሡት፤ ከነጥላው ይሰቀል።»