ያልተመረመረው ኤተር

«የዓይን መከላከያ!» ሺዎሪ ጣቷን ቀስራ ጮኸች።

«ልክ!» አሉ ታኩማና ናጹሆ በአንድ ድምፅ።

«የማቀዝቀዣ ውሃ!»

«ልክ!»

«የፐርኦክሳይድ ምርመራ!»

«ልክ!»

በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ ክበብ ደንቡ ይህ ነው፤ ፈሳሽ አሙቆ በእንፋሎት ማንጠር ከመጀመሩ በፊት ታናሿ አባል እያንዳንዱን ነገር በጣቷ እያመለከተች ትጠራለች፣ የቀሩት ይመልሳሉ። ሺዎሪ ከሚያዝያ ወዲህ ስትጠራው ዜማው ከሐሳቧ መቅደም ጀምሯል። ዛሬ መርማሪዋ እሷ ነበረች። ከምሳ በኋላ እሠራዋለሁ ብላ ረስታዋለች።

ኤተር የተባለው ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ተከፍቶ ሲቆይ ከአየር ጋር ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ብልቃጡ ውስጥ የሚቀረው እሱ ነው፣ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይፈነዳል።

የክበቡ አለቃ ታኩማ እጁን ወደ ማሞቂያው ሰደደ። ክበቡ ቅዳሜ የሚወዳደርበት ሙከራ በዚህ ኤተር ላይ የቆመ ነበር።

«ጋሼ፣ አታብራው!»

«ምን ሆነሻል? አሁን አንቺው ጠራሽው እኮ!»

«አልመረመርኩትም።»

ናጹሆ ቀስ ብላ፣ «እኛስ ምን አይተን ነው ልክ ያልነው?» አለች።

ይህን የሰሙት የክበቡ መምህር ኦኩደራ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ጥቂት ጠብታ ወደ ሙከራ ቱቦ ወሰዱ፤ መመርመሪያውን ጨመሩበት። ውሃ የመሰለው ፈሳሽ ቡናማ ሆነ፤ ፐርኦክሳይድ አለበት ማለት ነው።

«ሁላችሁም ውጡ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፣ የማሞቂያውን ገመድ ከሶኬቱ እየነቀሉ። «ይህ አይነጠርም። ማስወገዱን ለእኔ ተዉት።»

ሺዎሪ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አለቅሳለሁ ብላ ነበር፤ የወጣት ግን ረጅም ትንፋሽ ብቻ ነው።

ታኩማ አጠገቧ ዘፍ አለ። «መጀመሪያ ልትገድይን፣ ቀጥሎ ልታድኚን! ይኼ ፊት ገና ሙሽራ ይሆናል፣ አደራ።»

ናጹሆ ሳቀች፤ ሺዎሪም ሳቀች፤ ሦስቱም ለማቆም ተቸገሩ።

ሳቁ ሲበርድ ታኩማ የሥራ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «‹ለጥንቃቄ ሲባል ቆመ› ብዬ ልዝጋው። የአንቺ ስም ምን ያደርጋል? ቲቸርም ማን እንደረሳው አልጠየቁም።»

ሺዎሪ ገጹን ተመለከተች። ደረቷ ቀሎላት ነበር፤ ምንም ነገር መልሳ ልትጭንበት አልፈለገችም።

«እስክሪብቶውን ስጠኝ፣ ጋሼ» አለች። «መርሳቴን ከነስሜ እኔ እጽፈዋለሁ።»