የማመንጫው ባለቤት

የሠረቀብርሃን ቡጢ ቃለ አብን አፉ ላይ አገኘው። ቃለ አብ ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ሠረቀብርሃን ግን አላቆመም፤ ጎኑን በእርግጫ ደገመው።

«ተው፣ ትገድለዋለህ» አለች ሀፊዛ ጃኬቱን እየጎተተች።

«አቦ ልቀቂኝ» አለና በክርኑ ደረቷን መትቶ ገፈተራት።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሦስቱም በትምህርት ቤታቸው የክርክር መድረክ ላይ ነበሩ። የክርክሩ ርዕስ «የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ በመንግሥት ይያዝ ወይስ በግል ባለሀብት?» የሚል ነበር። ሀፊዛና ሠረቀብርሃን የመንግሥትን ወገን ያዙ። «ባለሀብት ትርፉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀንሰው ለጥንቃቄ የሚያወጣውን ነው» ስትል ሀፊዛ ተጨበጨበላት። ቀጥሎ ቃለ አብ ተነሳ። ከወለጋ ተፈናቅሎ ከእናቱ ጋር ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የሚኖር፣ ድምፁ ዝግ ያለ ልጅ ነው።

«ባለሀብት ቢያጠፋ መንግሥት ይዘጋበታል» አለ። «ባለቤቱም ተቆጣጣሪውም መንግሥት ሲሆንስ? አደጋ ሲደርስ ለማን እንጮሃለን? እኛ ጮኸን እናውቃለን።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሠረቀብርሃን ሊመልስ ተነስቶ ተንተባተበ። ተሳቀበት።

አሁን ውጭ፣ «መንግሥት እያበላህ ትሰድበዋለህ?» እያለ ድንጋይ አነሳ። ሀፊዛ እጁን ከመያዟ በፊት ወረወረው። የቃለ አብ ቅንድብ ተተረተረና ደም ዓይኑን ሞላው። ዘበኛው ሮጦ ደርሶ ገላገላቸው።

የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት ወደሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደር ቢሮ ሲወሰዱ ሠረቀብርሃን የሀፊዛን ክንድ ጠምዝዞ ያዘ። «ድንጋይ ያነሳው እሱ ነው ትያለሽ» አለ በሹክሹክታ። «አንድ ቡድን ነን። ካልሆነ አንቺንም አልምርሽም።»

ቢሮው ውስጥ ሠረቀብርሃን ቀድሞ ተናገረ። ቃለ አብ ድንጋይ ስላነሳበት ራሱን እንደተከላከለ አስረዳ። ቃለ አብ ቅንድቡን በፎጣ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ከንፈሩ አብጦ መናገር አቅቶታል።

«ድንጋይ አንስቶ ከሆነ ይባረራል» አሉ ዩኒት ሊደሩ መምህር ፍቅሩ። «ሀፊዛ፣ አይተሻል?»

ክንዷ ይጠዘጥዛታል። ሠረቀብርሃን ዓይኑን ከፊቷ ላይ አልነቀለም፤ ወደ ቤቷ የምትሄድበትን መንገድም ያውቃል። ስለ ማመንጫው አሁንም በቃለ አብ ሐሳብ አትስማማም። ክርክሩ ነገ ከእሱው ጋር ቢቀጥል ደስ ይላታል።

«አዎ፣ አይቻለሁ» አለች። «ድንጋዩን ያነሳው የእኔው ቡድን ልጅ ነው።»