ማርታን ያሳቃት ገመድ

ጂን፣ መንፈስ፣ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ በሉኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ከባለቤቴ ከማርታ ጋር ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ቤት ስንከራይ፣ አከራያችን ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፣ አዲስ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ እንዳንበሳባቸው። ዲሽ ሊገጥም የመጣው ሰውዬ ታዲያ በአንቴና ዘመን ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ገመድ አገኘና፣ ሪሲቨሩን ሳሎን አስቀምጦ በዚያ ገመድ ከመኝታ ቤቱ ቴሌቪዥን ጋር አያያዘልን። እንግዲህ ሪሲቨሩ አንድ ነው፣ ሳሎን የተከፈተው ነው መኝታ ቤትም የሚታየው፣ ሪሞቱ ደግሞ እኔ ጋ ነው። እኔ ኳስ ካየሁ ማርታም ኳስ ታያለች። አንዳንዴ ቀይርልኝ ትለኛለች፣ እኔም አሁን ያልቃል እላታለሁ፣ ኳስ ደግሞ መቼ ያልቃል።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ኳሴን እያየሁ ከመኝታ ቤት ሳቅ ሰማሁ። እመኑኝ፣ ያን ሳቅ ከተጋባን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፣ ሐይቁ ዳር እየተገናኘን ስንጠናና የምትስቀው ሳቅ ነው። መጀመሪያ ስልክ ላይ ናት አልኩ፣ ቀጥሎ ከማን ጋር አልኩ፣ ከዚያማ ደሜ ፈላ። አልደብቃችሁም፣ ቅናት ነው፣ ሲፈጥረኝ ቀናተኛ ነኝ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስ ሳደርግ የወንድ ድምፅ ይሰማል፣ ረጋ ብሎ በማርታ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ የሚያወራ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሐዋሳ ስንት ዘመን ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ አልተማርኩም።

ሄጄ በሩን ገፋ ሳደርገው ስልኳ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፣ ማርታ አልጋው ላይ በደረቷ ተኝታ ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክላለች። ስክሪኑ ላይ ሰው የለም፣ የእንሰት ጓሮ ብቻ ነው፣ ቅጠሉ ይወዛወዛል፣ ድምፁ ከዚያ ውስጥ ይመጣል።

"ማን ቀየረው?" አልኳት።

"አንተ ነሃ፣ ሌላ ማን አለ" አለችኝ ፊቷ እንደበራ። "ዛሬስ አሰበልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ይህ ነገር እንዴት አንጀቴን እንዳሳረረኝ አትጠይቁኝ። እኔ ያላሰብኩላትን ማን አሰበላት? ሳሎን ብመለስ ኳሴ እንዳለ ነው፣ ከሪሲቨሩ ጀርባ ያን የድሮ ገመድ ነቅዬ መሬት ጣልኩት፣ መኝታ ቤት ያለው የሰውዬው ድምፅ ግን ማውራቱን አላቆመም። እንዲያውም በስሟ ጠራት፣ ማርታ ብሎ አይደለም፣ ቱላ ከተማ ባለው አባቷ ቤት ብቻ በምትጠራበት የቤት ስሟ፣ እኔ እንኳ ደፍሬ በማልጠራት ስም፣ ቀጥሎም አንድ ነገር ጠየቃት። ጥያቄ መሆኑን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም።

ሮጬ ስገባ ድምፁ ቀጥ አለ፣ ሰዎች እየተጫወቱ ሳለ ባዳ ሲገባባቸው እንደሚያደርጉት። ስክሪኑም ጠቆረ።

"ምን ብሎ ነው የጠየቀሽ?"

"ደስተኛ ነሽ ወይ አለኝ" አለች፣ ምንም ሳትደነግጥ።

"ምን መለስሽለት?"

"አንተ መጣህ። ገና አልመለስኩለትም።"

በማግስቱ ገመዱን ከግድግዳው ልስበው ብል አንድ ክንድ ያህል መጣልኝና፣ ማል ብትሉኝ እምላለሁ፣ ከወዲያ በኩል ቀስ ብሎ ተሳበ። ለቀቅኩት። ለማርታ የራሷን ሪሲቨር ገዛሁላት፣ ሪሞቱም እሷ ጋ ነው፣ ያን የእንሰት ጓሮ ግን ሁለታችንም ፈልገን አላገኘነውም። አሁን ኳስ የማየው ድምፁን አጥፍቼ ነው።

ራስህ ለምን አትጠይቃትም አለኝ አንድ ጓደኛዬ። ደስተኛ ነሽ ወይ ልላት ሁለት ሦስቴ በሩ ድረስ ሄጃለሁ፣ ግን ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ማርታ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ቁጭ ብላ ሳገኛት፣ ቀስ ብዬ እመለሳለሁ።