ቂም ይዞ ቆጠራ

«እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ያድራል?» ፋሪዳ ጥያቄውን እንደተጻፈው አነበበችና እስክሪብቶዋን አዘጋጀች።

የክፍሏ ልጅ የሳባ እናት ወይዘሮ ብርቅዬ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ በግንቦት ሙቀት ቤት ውስጥ ማን ያድራል? ማንም አያድርም።»

እውነታቸውን ነው። ሙቀቱ ከገባ ወዲህ አሰብ በሙሉ አልጋውን አውጥቶ ግቢ ነው የሚተኛው። ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው ብርድ አገር ያደገ ሳይሆን አይቀርም። የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ በቦቴ የሚመጣውን ውሃ ለየቤቱ በሰው ቁጥር ልክ ለማደል አስቦ ተማሪዎችን ለቆጠራ አሰማርቷል። ፋሪዳ በሌላው ቤት ሁሉ አብራ ስቃ፣ «እሺ፣ ግቢስ?» ብላ ጠይቃ ነው የጻፈችው።

እዚህ ቤት ግን አልጠየቀችም። ዜሮ ጽፋ፣ አመስግና ወጣች።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ ቆጠራ መውጣትም ያው ነው። በሒሳብ ፈተና ቀን እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ፋሪዳ ወደኔ ወረቀት አይታለች» ያለችው ሳባ ናት። ፋሪዳ በእርግጥ አይታ ነበር፤ መቅረጫ ልትለምናት። መምህሩ ለምን ብለው አልጠየቁም። ወረቀቷን ቀምተው ክፍሉ ሁሉ እያየ አስወጧት። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ «ኮራጇ» ይሏታል፣ አባቷም ወሬው ሱቃቸው ድረስ ከመጣ በኋላ አያናግሯትም።

እሰይ፣ ትጠማ። ሳባ ባዶ ባልዲ ይዛ ጎረቤት ስትለምን በሐሳቧ አየቻትና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ደግሞም ውሸት አልጻፈችም። ቢጠይቋት «እናቷ ያሉትን ነው የጻፍኩት» ትላለች።

መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቆመች። ሳባም ያን ቀን ውሸት አልተናገረችም። ያየችውን ተናግራ የቀረውን ተወችው፣ የሚጠይቅም ጠፋ። ፋሪዳ ደሟ ፈላ። ከሁሉ ያንገበገባት ያቺን ልጅ መምሰሏ ነው።

ተመለሰች። በሩን የከፈተችላት ራሷ ሳባ ነበረች።

«ግቢ ውስጥ ማን ማን ያድራል?» አለች ፋሪዳ ፊቷን እንዳጠቆረች።

ሳባ መሬት መሬት እያየች ቆጠረች፤ አባቷ፣ እናቷ፣ ዓይናቸው የጠፋው አያቷ፣ መንታ ወንድሞቿ። «በቃ» አለች።

ፋሪዳ ዜሮውን ሰርዛ አምስት ጻፈች። ሳባ ራሷን ረስታለች። በዚህ ሙቀት የአንድ ሰው ውሃ ቀላል አይደለም። ፋሪዳ እስክሪብቶዋን ከአምስቱ ላይ አላነሳችም።

«የፈተናውን ነገር እኮ...» አለች ሳባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እሱን አልጠየቅኩሽም። አንቺስ የት ነው የምታድሪው?»

ሳባ ከግንቡ ሥር ያለችውን ጠባብ የገመድ አልጋ አሳየቻት። ፋሪዳ አምስቱን ስድስት አደረገችና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።