ያልተረጨው አፈር

ያመነ ይመን፣ ያላመነም ይተወው። ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር። እኔ ግን ከቤተ ሙከራችን ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበርኩ...

በተክል ሥር ዙሪያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በኬሚካል ይነጋገራሉ። ጥቂት ሲሆኑ ዝም ይላሉ። ሲበዙ ነው የሚያወሩት። ወሬያቸውን ለመያዝ፣ ያንን ኬሚካል ሲያገኙ የሚያበሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችን አፈሩ ላይ እንረጫለን።

ብርሃን ካየን፣ ወሬ አለ።

ፊቴ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አንዲት የሎሚ ችግኝ ነበረች። የዘራት ባለቤቴ ነው፣ እዚሁ አብረን ስንሠራ። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም።

ጥናቱ ስላለቀ ሣጥኑ በዚያው ቀን ሊጣል ነው። አንድ የመጨረሻ ፎቶ ላነሳ ገባሁ።

"እትዬ፣ ዛሬም ሐሜታቸውን ሊሰሙ ነው?" አለችኝ ረዳቴ ከበሩ ውጪ እየሳቀች።

መብራቱን አጠፋሁ።

ከሥሩ ጫፍ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ በራች። ቀጥላ ሌላ... ሌላ...

"ዛሬስ አፋቸውን አልከደኑም" አልኳት።

ሳቋ ቆመ።

"እነማን?"

"ባክቴሪያዎቹ ናቸዋ።"

"እትዬ... እዚያ አፈር ላይ እኮ ምንም አልረጨሁም። ሊጣል ነው ብዬ ተውኩት።"



ነጥቦቹ ሥሩን ትተው ወደ መስታወቱ ይመጡ ጀመር።

ወደ እኔ።

"ይውጡ!" አለች በሹክሹክታ።

"ቆይ..."

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መዳፌን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር።

ይሞቃል።

እጄን ሳነሳ፣ ብርሃኑ የመዳፍ ቅርጽ ይዞ ቀረ። የራሴው ነው ብዬ ልቤን አጽናናሁ። ትንሿ ጣት ግን ቆልመም ያለች ነበረች።

የእኔ ቀጥ ያለች ናት።

የባለቤቴ ግን በልጅነቱ በር ተዘግቶባት፣ ሳትቃና ነው አብራው የተቀበረችው።

ሣጥኑን ሊወስዱ ሲመጡ አልሰጠሁም። "ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ።  ታቅፌው ወጣሁ።

አሁን ቤቴ ነው፣ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ። ዛሬ መጋረጃውን ዘግቼ ገለጥኩት።

መዳፉ እዚያው ነው። ጣቷም እንደተቆለመመች።

ከውስጥ ነው ብዬ፣ እንዲያው ለመንካት ያህል፣ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት...

ተጠረገ።

ብርሃኑ ከመስታወቱ ውጪ ነበር፣ እኔ ባለሁበት በኩል።