ማሽኑ በቆመበት ሳምንት የጠቆረው ፊልም

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ «ጅን አየሁ» የሚለኝን ሁሉ «እስኪ አምጣውና ራጅ ላንሳው» እያልኩ የማሾፍ ነበርኩ፣ ስራዬም እሱ ነበር፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ቡታጅራ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ራጅ አነሳ ነበር።

መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ሴት ግድግዳዋን ሳትለስን እንደማትቀመጥ መቼም ታውቃላችሁ፣ ሚስቴ ዘነበች እርጉዝ ሆና እንኳ አላረፈችም፣ የምንኖረው ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ስለነበር ቤታችንን ስትጨርስ ወደ ራጅ ክፍሉ ዞረች፣ ጨረር ወደ ውጭ እንዳያልፍ ተብሎ ከባህር ማዶ የመጣውን ከባድ ልስን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ፈቅፍቀው ጣሉትና በጭቃና በእበት አሳምረው ለሰኑት!

«ምን አደረግሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«ተሰነጣጥቆ ነበራ! ቤት ሳይለሰን መስቀል ይገባል እንዴ?»

ክው አልኩ፣ ምክንያቱም ዘነበች ጥጥ የምትፈትለው ያንን ግድግዳ ተደግፋ ነው፣ ጨረር ደግሞ ለሆድ ልጅ ጠላት ነው። ብርሃን በማያስገባ ወረቀት የተጠቀለለ ፊልም ላዩ ላይ ቁልፍ አስሬ እሷ በምትደገፍበት ቦታ ግድግዳው ላይ ከውጭ በኩል ሰቀልኩ፣ ጨረር የሚያልፍ ከሆነ ፊልሙ ይጠቁርና የቁልፉ ቅርጽ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ገና አንድ በሽተኛ ሳላነሳ ግን ጄኔሬተሩ ተበላሸ፣ ለጥገና አዲስ አበባ ተላከ፣ ሰዉም ለበዓል ወደየአገሩ ሄደ። ማሽኑ ከሞተ ምን ያስፈራል ብዬ ዘነበችን «እንደ ልብሽ ተቀመጪ» አልኳት።

ጄኔሬተሩ በተመለሰ ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ማሽኑን ገና ሳላስነሳ፣ እዚያው ተሰቅሎ የሰነበተውን ፊልም ጨለማ ክፍል ገብቼ አጠብኩት፣ ባዶ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። እመኑኝ፣ ጥቁር ነበር፣ ቁልፉ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ከጎኑ ደግሞ አምስት ጣቶች ከነአጥንታቸው፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ እጅ።

የክሊኒካችን ሐኪም ፈረንጅ ነበር፣ ባሳየው «ፊልሙ አሮጌ ነው» አለ፣ ከዚያው እሽግ ሌላ አውጥቼ ባጥብ ጥርት ያለ ሆነ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲሰራ እዚያው ቦታ ሌላ ሰቀልኩ፣ እሱም ምንም አልነካውም፣ ግራ ገባኝ።

«ዘነቡ፣ እዚያ ስትቀመጪ ምን ይሰማሽ ነበር?» አልኳት።

«ግድግዳው ይሞቀኛል። ልጁም የሚላወሰው እዚያ ስደገፍ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ ዝም ነው የሚለው።»

ያ ግድግዳ ፀሐይ ነክቶት አያውቅም። በማግስቱ ቸሃ እናቷ ዘንድ አደረስኳት፣ መንገዱን ሁሉ ሆዷን በእጄ ይዤ ነበር፣ ልጁም አልተንቀሳቀሰም፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሴት ልጅ ተወለደች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት፣ ጎበዝ ልጅ ናት። አድጋ ከዛፍ ወድቃ ክንዷ የተሰበረ ጊዜ ግን ባልደረቦቼ ማሽኑን አሙቀው ሲጠብቁኝ እኔ ወጌሻ ቤት ወሰድኳት። እስከ ዛሬም አንድ ጊዜ እንኳ ራጅ አንስቻት አላውቅም።