ሳይጠብቅ

ጡረተኛው ሹፌር ከጋራዡ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የብረት ማጠፊያው ደረቱን ተጭኖታል፤ ሊያጎብጠው የጀመረውንም ወፍራም ብረት እንደነከሰ ነው። ማጠፊያው የታሰረበት ቋሚ ከነሥሩ ተነቅሏል። ሥሩ ላይ ያልደረቀ ሲሚንቶ እንደ ጭቃ ተንጠልጥሏል።

ነገሩን ለመቋጨት ሳጅኑ ጊዜ አልፈጀበትም። ቋሚውን ወለል ውስጥ የተከለው የሟች ታናሽ ወንድም ግንበኛ ነው። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አገኘውና ካቴና አጠለቀለት። ሰነፍ ሕሊና ሬሳ ሲያይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ወይ «ዕድሉ ነው» ይላል፣ ወይ ቅርቡ ያለውን ጠቁሞ «እሱ ነው» ይላል። ሁለቱም ከማሰብ ያሳርፋሉ።

መርማሪዋ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ካቴናውን ነው። አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል፤ ከኋላዋ እንጂ ከፊቷ አይደለም።

«ምን አድርጎ ነው?»

«በማይረባ ሥራ ወንድሙን ገደለ» አለ ሳጅኑ። «ራሱም አምኗል። እስር ቤት ነው የሚሄደው።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ግንበኛው ቀና ሳይል። «ቋሚውን የተከልኩት ትናንት ነው። ዛሬ ‹ልጀምር?› ብሎ በስልክ ጻፈልኝ። ‹እስከ ነገ አይጠብቅም› ብዬ መለስኩለት። ደውዬ ብነግረው ምን ነበረበት? ጣቴ ከአፌ ቀደመ።»

«ይኸው» አለ ሳጅኑ። «የመስኮት ፍርግርግ የሚያሠራ ደንበኛ ለወንድሙ ያመጣለት እሱ ነው። ‹ሰውየው አይጠብቅም፣ ቶሎ በል› ማለቱ ነው፤ አጣደፈው።»

«ስለ ቋሚው ነው እኮ የጻፍኩት። ሲሚንቶው ሳይደርቅ አይጠብቅም።»

የ«አይጠብቅም» ልዩነት «ብ» ላይ ነው። ፊደሏ ላልታ ስትነበብ ቋሚው ገና አልጠናም ማለት ነው፤ ጠብቃ ስትነበብ ሰውየው አይታገስም ማለት ነው። በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በአፍ ግን አንዱ «ቁም»፣ ሌላው «ሂድ» ነው። ግንበኛው አላልቶ ተናገራት። መርማሪዋ ሰማችና ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች።

የሟች እጆች እስከ አንጓቸው በግሪስ ተለውሰዋል። የማጠፊያው ክንድ፣ ቡሎኖቹ፣ የበሩ እጀታ ሁሉ የጣቶቹን አሻራ ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ግን እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። ጥያቄውን የላከው ሥራ ሳይጀምር ይሆናል። መልሱንስ ማን ከፈተው?

የማጠፊያው ክንድ ሲወድቅ ግድግዳው ላይ ያለውን መደርደሪያ ለሁለት ገምሶታል። አቧራ በለበሰው ጣውላ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ አቧራ ያልነካው ቦታ አለ። መሬት ላይ ግን የተሰበረ ዕቃ የለም።

ማጠፊያውን ያስተማረው ጎረቤቱ በያጁ ነው። አጥሩ ሥር ቆሞ ባርኔጣውን ያሻሻል።

«ምን ብለህ አስተማርከው?»

«በጉልበትህ አትሳብ አልኩት። በቀጭን ብረት ጀምር፣ ከክንዱ ጋር ፊት ለፊት አትቁም አልኩት። ጋሼ ግን ዕድሜ ልኩን መሪ ያሽከረከረ ሰው ነው፤ ብረት ሁሉ መሪ ይመስለዋል።»

«ገበያህን ሊሻማህ ነበር።»

«እሱ?» አለ በያጁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። «የመጀመሪያ ፍርግርጉን ሌባ ቢያየው አዝኖለት ይመለስ ነበር።»

«ዛሬስ አነጋገረህ?»

«ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ተጣራ። ‹ልትመርቀኝ ና፣ እስከ ነገ አይጠብቅም አሉ› አለኝ። ደንበኛው ቸኩሎ ነው ብዬ ‹አንተው ተመረቅ› አልኩት። ብቅ ብዬ ባየው ኖሮ እርጥቡን ሲሚንቶ በዓይኔ አየው ነበር። ስንፍናዬ።»

«ያላትን ቃል ድገምልኝ፤ ልክ እሱ እንዳላት።»

ደገመላት። «ብ»ን ረግጦ፣ አጥብቆ። ይህ ሰው የስልኩን መልእክት አላየም፤ በጆሮው የገባውን ነው ያወጣው።

የሟች ሚስት ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ድሮ በሬዲዮ ዜና ታነብ ነበር፤ አሁን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍት እያነበበች ትቀዳለች። ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍናዋለች። ጠረጴዛዋ ላይ ከመቅረጫው ጎን አሮጌ ሬዲዮ አለ፤ ጀርባው ላይ የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል።

«መልእክቱን ማን አነበበለት?»

«ራሱ። ዓይን ነበረው።»

«ሬዲዮው ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

«ከሥራዬ ስሰናበት የሰጡኝ ነው። የት ይሁን ታዲያ?»

መርማሪዋ ግንበኛውን፣ በያጁንና ሚስቲቱን ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ማጠፊያው በጎኑ ተጋድሟል።

«መልሱ ሲመጣ ሟች ስልኩን አልነካም» አለች። «እጁ የነካው ሁሉ ጠቁሯል፤ ስልኩ ንጹሕ ነው። ለበያጁም ‹አሉ› አለው እንጂ ‹አለኝ› አላለውም። ሰው አንብቦለታል። በቤቱ የነበሩት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ።»

«እሺ፣ አንብቤለታለሁ» አለች ሚስቲቱ። «ምን ይጠበስ?»

«ወንድሙ ላልቶ እንዲነበብ የጻፈው ቃል ባልዎ ጆሮ ጠብቆ ደረሰ። በያጁ የሰማው የጠበቀውን ነው። መሃል ላይ ያለው አፍ የእርስዎ ነው።»

«እና ተሳስታለች» አለ ሳጅኑ። «ማንም ሰው ይሳሳታል።»

«ማንም ሰው ይሳሳታል። ግን ክንዱ የገመሰው መደርደሪያ ላይ ዕቃ የነበረበት ቦታ አቧራ የለበትም። የሬዲዮው ልክ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ጀርባው ላይ ያለው ብናኝም የዚህ ጋራዥ ነው፤ እርስዎ ክፍል ውስጥ ብረት አይሞረድም። እትዬ፣ ቋሚው ይጸናል ብለው ቢያምኑ ኖሮ፣ ባልዎ ክንዱን ሊስብ ሲል ሬዲዮውን ከዚያ ለምን አነሡት?»

ሚስቲቱ የወደቀውን ብረት አየችው።

«ቀን ሙሉ ይቀጠቅጣል» አለች በመጨረሻ። «አንድ ገጽ ሳላነብ ይጮህብኛል። ‹ለተማሪዎቹ ነው፣ ጠብቀኝ› ስለው ‹ያንቺ ወሬ አይገነባም› ይለኛል። ተነቅሎ ሲወድቅ፣ በጎረቤት ፊት ሲያፍር ይተወዋል አልኩ። ማጠፊያው እንዲወድቅ ነው የፈለግኩት። እሱ ከሥሩ መቆሙን… ሬዲዮውን ይዤ ስወጣ አይቼዋለሁ። የቆመበትን አይቼዋለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ሰው «ሳታስበው ነው» የሚለው። ውሸት ነው። አስባ ነበር፤ ለሬዲዮው።

ግንበኛው በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ሳጅኑ ዘረጋ። እንዲፈቱለት አልነበረም።

«ተሳስታ ነው ብላችሁ ጻፉ» አለ። «እትዬ፣ ‹ተሳስቼ ነው› በይ። ‹አልደረቀም› ብዬ ብጽፍ ማን ይሳሳት ነበር? እኔ አበላሽቼዋለሁ፣ እኔው ልሂድ። ወንድሜን አጥቼ አንቺንም ልጣ?»

ሳጅኑ መርማሪዋን አየ። እውነትም ሌላ ማስረጃ የላትም። አንድ ቃል ብቻ ሴትዮዋን ነጻ ያወጣታል፤ ግንበኛውን ያስራል።

ሚስቲቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። የወጣው ድምፅ ድሮ በየቤቱ ይሰማ የነበረው ነው፤ የረጋ፣ እያንዳንዱ ፊደል በቦታው ያለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ አንብቤያለሁ» አለች። «አልተሳሳትኩም። ፍቱት።»